ከመርዶው በፊት የተማርኩት ኬክ

ወንድሜ ኬክ ቤቱን የከፈተው በሐይቅ ዳሯ ከተማችን፣ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር፣ ባጃጆች የሚሰለፉበት ማዕዘን ላይ ነው። የከፈተው እሱ ይሁን እንጂ ቀጥ አድርጋ ያቆመችው ከሆሳዕና የመጣች አንዲት ሴት ናት። እሱ ከአከራዩ ጋር ይሟገታል፣ ከዱቄት ነጋዴው ጋር ይነታረካል፣ መብራት ሲጠፋ ይራገማል። እሷ እንቁላል ትመታለች፣ ትጋግራለች፣ ክሬም ትቀባለች፣ በመካከሉም እሱን ትተርባለች። አንድ ጊዜ ጉንፋን ጥሏት ስትቀር መስታወቱ ውስጥ ከትናንት ያደረ ቦምቦሊኖ ብቻ ነበርና ወንድሜ ቀኑን ሙሉ ሻይ ሲያቀርብ ዋለ። ማታ ቤት መጥቶ፣ «ይህቺ ልጅ ባል ያገባች ዕለት አለቀልኝ» አለ። ሰው ለሠራተኛው ትዳር ይመኛል፤ የእኔ ወንድም እንደ ወባ ይፈራዋል።

እኔ በዚያ ሰሞን የምሠራበት ቢሮ ተዘግቶ ቤት ተቀምጬ ግድግዳ አያለሁ። ሐሙስ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ወንድሜ ነው። «አሁኑኑ ነይ። በጓሮ በኩል ግቢ። ፊትሽ ላይ ምንም እንዳይታይ» አለኝ። ምኑ እንዳይታይ ብዬ ሳልጨርስ ዘጋው። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ፣ አባታችን አንድ ነገር ሆኖ ይሆን፣ ቤቱ ተቃጥሎ ይሆን እያልኩ ደረስኩ።

ዱቄት በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ጆንያዎቹ መሐል ቆሞ አገኘሁት። በሩን ዘጋና በሹክሹክታ ነገረኝ። የኬክ ሠሪያችን አጎት ከሆሳዕና ደውሎ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ያለው ታናሽ ወንድሟ መኪና ገጭቶት ሞቷል።

ልጁን በዐይኔ አይቼው አላውቅም፤ ግን በዚያ ኬክ ቤት እሱን የማያውቅ ሰው አልነበረም። አባታቸው ሲሞት ገና ሕፃን ስለነበር ያሳደገችው እሷ ናት። ወሬዋን «ወንድሜ» ብላ ጀምራ «ልጄ» ብላ ነው የምትጨርሰው። ጓዳ ውስጥ የምታደርገውን የሎሚ ሥዕል ያለበት ሽርጥ የላከላት እሱ ነው፤ ወንድሜ አዲስ ቢገዛላት እንኳ «ያንተን አንተ አድርገው» ብላ መልሳለታለች።

«ሰምታለች?» አልኩት።

«ብትሰማ ኖሮ እዚህ ቆሜ በሹክሹክታ አወራሽ ነበር?»

እናትየውም ገና አልሰሙም። የሚኖሩት ከሆሳዕና ወጣ ብሎ ገጠር ነው፤ ዘመድ እስኪሰበሰብ ድረስ ወሬው ተደብቆ ይቆያል። ለአንዷ ቀድሞ ከተነገረ ሌላዋ በስልክ መስማቷ አይቀርም። ስለዚህ ቅዳሜ ንጋት ላይ፣ እዚያ ለእናት፣ እዚህ ለእህት፣ መርዶው በአንድ ጊዜ እንዲነገር ቤተ ዘመዱ ተስማምቷል። አጎትየው ዓርብ መኪና ይዞ ይመጣና ቅዳሜ ነግሯት ወደ እናቷ ይወስዳታል። እስከዚያ ድረስ እንዳትሰማ የመጠበቁ አደራ የተጣለው በእኛ ላይ ነበር።

መርዶ በእኛ አገር ሰው ሥራ ላይ ቆሞ፣ ብቻውን፣ በስልክ አይነገረውም። ሲወድቅ የሚይዘው ሰው በዙሪያው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ቤቱ ድረስ ተሂዶ ነው። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ሳድግ አይቼ ያወቅኩት ነገር ነው። እስከዚያ ማለዳ ድረስ ያለውን ቀን ወሬውን ይዞ የሚያሳልፈው ሰው ምን እንደሚያደርግ ግን አይቼ አላውቅም ነበር።

ወንድሜ ዐይኑን ከእኔ አሸሸና፣ «አንድ ነገር ልለምንሽ» አለ። «ሥራዋን ተማሪ። ዛሬና ነገ ከአጠገቧ አትለዪ፤ የምታደርገውን ሁሉ እዪ። ከሄደች ሬሳው እስኪመጣ፣ ለቅሶው እስኪያልቅ፣ ከወር በፊት አትመለስም። እሁድ ደግሞ የሠርግ ኬክ ተቀብያለሁ።»

ደሜ ፈላ። «የልጁ ሬሳ አገሩ ሳይገባ አንተ ኬክህን ታስባለህ?»

«አዎ፣ አስባለሁ። ስትመለስ በሩ ተዘግቶ ቢቆያት የት ልትገባ ነው? የእናቷም ጎጆ የቆመው በእሷ እጅ ነው።»

የወንድሜ ራስ ወዳድነትና ደግነት ከልጅነቱ ጀምሮ በአንድ ጣሳ ነው የሚሰፈሩት፤ አንዱን ከሌላው አበጥሬ ለይቼ አላውቅም።

ፊቴን ታጥቤ ወደ ጓዳ ገባሁ። እሷ መዝሙር እያንጎራጎረች ቶርታ ላይ ክሬም ትቀባለች። ረጅም ናት፤ ድምጿም ከቁመቷ አያንስም።

«ምን እግር ጣለሽ?» አለችኝ።

«ኬክ ልማር መጣሁ። ቤት መቀመጥ ሰለቸኝ።»

«ኬክ?» ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ሻይ አፍልተሽ ያሳረርሽው ድስት እስከ ዛሬ ጓሮ አለ፤ ዶሮዎች ውሃ ይጠጡበታል።»

ሳቅኩ። ከሚገባው በላይ ረዘም አድርጌ ሳቅኩ። እሷም እጇን በሎሚው ሽርጥ ጠርጋ ትንሽ አየችኝና፣ «በይ እጅሽን ታጠቢ» አለችኝ።

የመጀመሪያው ጭንቅ ስልኳ ነበር። መደርደሪያው ጫፍ ላይ ተቀምጦ በጮኸ ቁጥር ልቤ ይሰቀላል። ከአገሯ ልጆች አንዱ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብሎ ቢጽፍላት፣ አንዱ ፌስቡክ ላይ ፎቶውን ከነሻማው ቢለጥፈው፣ አለቀ። ወንድሜ በዚህ ላይ ቀደመኝ። ስክሪኑ ድሮ የተሰነጠቀ ነበርና ገብቶ አነሳውና፣ «ይህን ማሠራት አለብኝ፣ ዐይንሽን ያጠፋዋል» ብሎ ይዞት ወጣ። ሞባይል ሠሪው ደግሞ ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ድረስ ስልኩ እሱ ጋ እንደሚቆይ እንዲናገር ተነግሮታል።

«ምን ነካው ሰውዬው?» አለችኝ። «ለሁለት ዓመት ስልኬን ሲያይ ስክሪን እንዳለው አያውቅም ነበር።»

በዚያ ላይ ምሳ ሰዓት ላይ ጥብስ አስመጣላት። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሁለት ጊዜ ብቅ ብሎ፣ «ደክሞሻል፣ ትንሽ ተቀመጪ» አላት። ወንድሜን ማስመሰል እንዲህ ይከብደዋል፤ የሚያዝንለትን ሰው በምግብ ነው የሚደበድበው። እኔ በሩ ሥር በዐይኔ እቆጣዋለሁ፤ እሱ ያዘነ ፊቱን ይዞ ይወጣል። እሷ ሁለታችንንም ታያለች።

ሥራውን ግን ተማርኩ፤ ወይም የተማርኩ መሰለኝ። ስፖንጁን፣ ክሬም ከመቀባቱ በፊት ያለውን ለስላሳውን የቶርታ ኬክ፣ ከሥሩ ጀምራ አሳየችኝ። እንቁላሉና ስኳሩ ማሽኑ ላይ እንዴት ነጭ አረፋ እስኪሆን እንደሚመታ፣ ዱቄቱ በማንኪያ ከሥር ወደ ላይ እየተገለበጠ እንዴት እንደሚገባ፣ መጋገሪያው እስኪበቃው ድረስ ለምን እንደማይከፈት። ስታስተምር ትጮሃለች። «ቀስ በይ! ወጥ እያማሰልሽ አይደለም!» በየመሐሉ ደግሞ አጠገባችን ወዳለው ወደ ሐጂ ሱቅ ትልከኛለች። «ሂጂ ቫኒላ አምጪ።» ስመለስ ደግሞ «ወረቀት አልቋል፣ ሂጂ አምጪ።»

ሐጂ የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው። ሁልጊዜ ጠዋት ኬክ ቤቱ በር ላይ ተቀምጠው ማኪያቷቸውን ይጠጣሉ፤ እሷም የጠዋቱን የመጀመሪያ ኬክ ለእሳቸው ነው የምትቆርሰው። በዚያ ቀን ስመላለስ አይተው፣ «ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምትከንፊው?» አሉኝ። «ምንም አልሆንኩም ሐጂ» አልኳቸው። እንድትልከኝ እየጸለይኩ እንደነበር አልነገርኳቸውም። ደጅ ስወጣ ፊቴን ማሳረፍ እችል ነበር። ለምን እንደምትልከኝ ለማሰብ ግን ጊዜ አልነበረኝም፤ የራሴ ምስጢር አእምሮዬን ሞልቶት ነበር።

ዓርብ ጠዋት የጾም ኬኩን አብረን ጨረስንና፣ «አሁን የሠርጉን ስፖንጅ አንቺ ብቻሽን ሥሪ» አለችኝ። እጇን አጣጥፋ በር ላይ ቆመች። እንቁላሉን ከፍሪጅ አውጥቼ እንዳሳየችኝ መታሁ፣ ዱቄቱን እንዳሳየችኝ ጨመርኩ፣ እንዳሳየችኝ ጋገርኩ። ስንከፍተው ኬኩ እንደ ቂጣ ተኝቷል። ሁለተኛ ሞከርኩ። እሱም ተኛ።

ጭንቅ ጥብብ አለኝ። ነገ ጠዋት ትሄዳለች፣ እሁድ ሙሽራዋ ትጠብቃለች፣ እኔ ግን ቂጣ ነው የምጋግረው። እንባዬ መጣ። እሷ ኬኩን ሳይሆን እኔን ነበር የምታየው።

«ኬክ ስለወደቀ የሚያለቅስ ሰው አይቼ አላውቅም» አለች። መጋገሪያውን ዘጋችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እውነቱን ንገሪኝ። ልታባርሩኝ ነው፣ አይደል?»

ትሪውን አስቀምጬ ዞርኩ።

«ኧረ በጭራሽ!»

«አንቺ ድንገት ኬክ አማረሽ። እሱ ድንገት ጥብስ ያበላኛል፤ ለፋሲካ የሚታረድ በግ ነው እንደዚህ የሚቀለበው። ሌላ ቦታ ሥራ እንዳልጠይቅ ስልኬንም ወስዳችኋል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ እህቴ።»

«እሱ እንዲህ አያደርግም። እመኚኝ።»

«ታዲያ ምንድነው?»

አጥብቄ ብክድ፣ «ታዲያ ምንድነው» ማለቷን አትተውም፤ ወደ እውነቱ አንድ በር ብቻ ነው የሚቀራት። ስለዚህ አጥብቄ አልካድኩም። አንገቴን ደፋሁና የተጋገረውን ቂጣ ከትሪው መፋቅ ጀመርኩ። እንደምትባረር አምና ብትውል ይሻላል ብዬ ነው። ይህን ሳስብ ራሴን ጠላሁት፤ ግን አሰብኩት።

እሷም ወደ ክሬሙ ተመለሰች። ትንሽ ቆይታ፣ «ስልክሽን አውሺኝ» አለችኝ። «ልጄ ጋ ልደውል። ከትናንት ጀምሮ ድምፁን አልሰማሁም። ምን ላድርግ ብዬ ልጠይቀው፤ እሱ ከሁላችን ይበልጥ ብልህ ነው።»

እምቢ ማለት አልችልም። ብሰጣት ደግሞ የልጁን ስልክ አብሮት የሚኖር ሰው ያነሳዋል፣ በቋንቋቸው አንድ ነገር ይላታል፣ እዚያው የሠርግ ትሪ መሐል ትወድቃለች። «እጅሽ ክሬም ነው፤ ቁጥሩን ንገሪኝና ልደውልልሽ» አልኳት። በቃሏ ነው የምታውቀው። እየተናገረች እኔ ነካሁ፤ መጨረሻው ላይ ስደርስ ጣቴ አጠገቡ ወዳለው ቁጥር ሄደ። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያዝኩላት። አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ ተናገረችና ተቋረጠ።

«ኔትወርክ ነው» አልኩ።

እሷ እኔን እያየች፣ «ይሆናል» አለች።

ከዚያ በኋላ መዝሙር አላንጎራጎረችም። ሥራዋን በጊዜ ጨረሰች፤ «ዛሬ ቀደም ብዬ ልሂድ» አለች። ሁለቱን የወደቁ ኬኮች በወረቀት ጠቅልላ ይዛ ወጣች። ከመውጣቷ በፊት የሎሚውን ሽርጥ አውልቃ ምስማሩ ላይ ስትሰቅለው ቆም ብላ በእጇ አስተካከለችው። እኔ ይህን አይቼ፣ ነገ ሽርጡን ያለ እሷ እዚያ ምስማር ላይ ማየቴ ነው ብዬ ወንድሜን በውስጤ ረገምኩት፤ እሱ ምንም አላጠፋም።

አመሻሹ ላይ አጎትየው ደረሰ። ወንድሜ ፔንሲዮን አስገብቶት ተመለሰ። እኛም ደንበኛው ሲሳሳ አንድ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀመጥን። «አለቀ፣ ነገ ጠዋት ብቻ ነው የቀረው» አለኝ። ወዲያው በሩ ላይ ሐጂ ታዩ። አጠገባቸው አንዲት ነጠላ ያጣፉ እናት ቆመዋል። አላወቅኳቸውም።

ወንድሜ ተነስቶ ወንበር ሳበላቸው። ሐጂ ግን አልተቀመጡም።

«ለሽምግልና ነው የመጣነው» አሉ። «እኚህ ምሥራቅ ሰፈር ያሉት የቤት አከራይዋ ናቸው፤ ልጅቷ እናቴ የምትላቸው። ዛሬ ከሰዓት ሁለታችንንም እግራችን ላይ ወድቃ ለመነችን። ልታባርሯት ነው ብላለች። አጥፍታ ከሆነ ቅጣት፤ ጥፋቷን እኛ እንሸከማለን። እንጀራዋን ግን አትንካ፤ ሽበታችንን ብለህ።»

ወንድሜ እኔን አየኝ። እኔ መሬት አየሁ።

«ከልጅነቷ ጀምሮ ስትለፋ የኖረች ናት» አሉ አከራይዋ። «ደቡብ አፍሪካ ያለውን ወንድሟን ያሳደገች እኮ ናት።»

ያኔ ወንድሜ ማልቀስ ጀመረ። አርባ ዓመት ያለፈው ሰው፣ ከዱቄት ነጋዴ ጋር ለአንድ ኪሎ ጉድለት የሚጮኸው ሰው፣ በሁለት ሽማግሌ ፊት ቆሞ እንደ ልጅ አለቀሰ። ነገሩን የነገርኳቸው እኔ ነኝ።

ሐጂ «ኢናሊላሂ» ብለው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። አከራይዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ጩኸት እንዳያመልጣቸው ታገሉ። ከዚያ አከራይዋ ድንገት፣ «አሁን እየጠበቀችን ነው» አሉ። «በሩ ላይ ቆማ ነው የተለየችን። መልሱን ሳትሰማ አትተኛም። እኔ ቤቴ አልገባም፤ ፊቴን ካየች ታውቀዋለች።» እህታቸው ቤት ሊያድሩ ወሰኑ። የቀሩት ሐጂ ናቸው።

«እኔ በዚህ ዕድሜዬ አልዋሽም» አሉ።

«ታዲያ ምን ይሏታል?» አልኳቸው።

«ውሸት ያልሆነውን እላታለሁ።»

በአንድ ባጃጅ ወደ ምሥራቅ ሰፈር ሄድን። እኔ እንዳልታያት ባጃጁ ውስጥ ቀረሁ። ገና ሳያንኳኩ በሩ ተከፈተ። ሐጂ ከደጅ ሳይገቡ እንዲህ ሲሏት ሰማሁ፤ «ልጄ፣ የሚያባርርሽ ሰው የለም። ከሥራሽ የሚነቅልሽ የለም። ነገ በጠዋት ሁላችንም አንቺ ጋ እንመጣለን። አሁን እራትሽን ብዪና ተኚ።» በቃላቸው ውስጥ አንዲትም ሐሰት አልነበረችም። እሷ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ስትስም አየሁ። «ዛሬ ልቤን አሳረፉልኝ፤ ዕድሜዎን ያርዝመው» እያለች ትስቃለች። ሐጂ ተመልሰው ባጃጁ ውስጥ ገቡ። እስከ አዲስ ከተማ ድረስ መቁጠሪያቸውን ሲቆጥሩ ሄዱ።

ቅዳሜ ንጋት ላይ ጭጋጉ ከሐይቁ በኩል ገና አልተነሳም ነበር። በሯ ላይ ተሰበሰብን፤ ወንድሜ፣ እኔ፣ ሐጂ፣ አከራይዋ፣ የቤተ ክርስቲያኗ ፓስተር፣ ከሁላችን ኋላ አጎትየው ጋቢውን ተከናንቦ። የእግራችንን ኮቴ እንኳ ለማሳነስ እየሞከርን ነበር። ሐጂ አንኳኩ።

ተኝታ አላገኘናትም። የታጠበ ቀሚስ ለብሳለች፤ ፀጉሯን ሠርታለች። ግቢው ተጠርጎ ወንበሮች በዙሪያው ተደርድረዋል። መሐሉ ላይ በትሪ ላይ አንድ ነገር በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኗል። ሽማግሌ የሚቀበል ሰው እንደሚያደርገው አሰናድታለች። ጨርቁን ገለጥ ስታደርገው የእኔ የወደቁ ኬኮች ነበሩ፤ ማርማላታ ቀብታ፣ ሁለቱን አጣብቃ፣ እኩል እኩል ቆርጣቸዋለች። የወደቁ ኬኮች እንደነበሩ ማንም አያውቅም።

«ግቡ፣ ግቡ! ኧረ ይህ ሁሉ ሰው ለእኔ ነው?» ሳቀች። ወንድሜን አየችና፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ በሰው ስላስለመንኩህ። ፈርቼ ነው እኮ» አለችው። ወንድሜ ጉንጩን ነክሶ ቆመ። እኔንም አየችኝ፤ ጠቀሰችኝ፤ የኬኩን ነገር ማለቷ ነው። ከዚያ ዐይኗ ወደ ኋላ ሄደና ጋቢ የለበሰውን ሰው አየች። ፈገግታዋ ገና ፊቷ ላይ ነበር።

«አጎቴ? አንተም ልትለምንልኝ ነው የመጣኸው?»

አከራይዋ ከበስተጀርባዋ ሄደው ወገቧን ያዟት። ፓስተሩ ስሟን ጠሩ። እሷ አንድ በአንድ አየችን፤ ማን ማን እንደመጣ፣ በምን ሰዓት እንደመጣ፣ እንዴት እንደቆምን። ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ እሷም ታውቀዋለች። «ማነው?» አለች። «እናቴ ናት? ማነው?»

ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፈውም።

ረፋድ ላይ መኪና ውስጥ አስገቧት። ድምጿ አልቆ ነበር። ወንድሜ የተሠራውን ስልኳን በመስኮቱ አቀበላት፤ ሳታየው ጭኗ ላይ ጣለችው። እኔ ምን እንደምላት ስለማላውቅ እጇን ብቻ ያዝኩ። ሳበችኝ። አንድ ነገር የምትለምነኝ መስሎኝ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«እንቁላሉን ቀዝቃዛውን አትምቺው» አለችኝ በሻከረ ድምፅ። «መጀመሪያ ከስኳሩ ጋር ሙቅ ውሃ ላይ አስቀምጪው፤ ጣትሽን ሳያቃጥል እስኪሞቅ። ከዚያ ምቺው። ቫኒላ አምጪ ብዬ ወደ ሐጂ ሱቅ የሰደድኩሽ ይህን ሳታዪ ለማድረግ ነበር። ሥራዬን የምትወስጂብኝ መስሎኝ ነው።»

«ተዪው» አልኳት። «አሁን ተዪው፣ በእግዜር።»

«ሙሽራዋ ምን አጠፋች?» አለች። መኪናው ተንቀሳቀሰ።

እሁድ ጠዋት እንዳለችኝ አደረግኩ። ስፖንጁ ተነሳ። ወንድሜ «እግዜር ይመስገን» ብሎ ሲዞር እኔ መጋገሪያው ፊት ቆሜ እንዲወድቅልኝ እየተመኘሁ ነበር። ቢወድቅ እንዴት ደስ ባለኝ። ያን ወር ሙሉ አንድም ቀን አልወደቀልኝም፤ ኬክ ቤቱም አልተዘጋም። የሎሚውን ሽርጥ ግን ልብሴ በዱቄት እየተበላሸ ምስማሩ ላይ ተውኩት።

ስትመለስ ጥቁር ለብሳ ነው። በጓሮ ገባች፣ ሽርጡን ከምስማሩ አወረደችው፣ ብዙ ቆይታ በጥቁሩ ላይ አሠረችው። ወንድሜ ሊያቅፋት ሲገባ፣ «ጥብስ የለም ዛሬ?» አለችው፤ እሱም እየሳቀና እያለቀሰ ወጣ። እኔና እሷ ብቻችንን ቀረን። እንቁላሉን ሙቅ ውሃው ላይ እኔ ነበርኩ ያስቀመጥኩት። ጣቷን ነክራ ለካችውና አንገቷን ነቀነቀች።

ከዚያ፣ ሳታየኝ፣ «ያን ዓርብ የመጨረሻዋን ቁጥር ስትለውጪያት አይቼሽ ነበር» አለች።

እጄ ማሽኑ ላይ ቀረ።

«ለዚያ ነው ሽማግሌ የላክሁት። ከወንድሜ ጋር እንኳ ሊያገናኙኝ አልፈለጉም ብዬ። እስከ ቤቴ ድረስ ስረግምሽ ነው የሄድኩት።» ጣቷን በሽርጡ ጠረገች። «አሁን በየሌሊቱ ትክክለኛውን ቁጥር ስትደውዪልኝ አልማለሁ። ይጠራል፣ ይጠራል፤ ማን እንደሚያነሳው ከማየቴ በፊት እነቃለሁ።»

እንቁላሉን ከሙቁ ውሃ ላይ አነሳሁ።

«ሂጂ፣ ቫኒላ አምጪልኝ» አለችኝ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ።

ቫኒላው መደርደሪያው ላይ ሙሉ ነበር። በሩን ከኋላዬ ዘግቼ ወደ ሐጂ ሱቅ ሄድኩ።